በረካን ለጣዕሙ የሚጠጣ ማን ነው?

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የአክስቴ ልጅ አለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ልትቆላ ስትነሣ በመጀመሪያ የሳሎኑን መስኮት፣ ውጭው በረዶም ቢሆን፣ ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ቀጥላም ትልቁን ልጇን ፎጣ አስይዛ ጣሪያው ላይ ከተገጠመው የጢስ ማስጠንቀቂያ ሥር ታቆመዋለች። የልጁ ሥራ ምጣዱ ከምድጃው እስኪወርድ ድረስ ጢሱን እያራገበ መመለስ ነው። አንድ ቀን በስልኩ ተዘናግቶ መሣሪያው ሲጮኽ የፎቁ ጎረቤቶች በነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ነበር አሉ። ከዚያ በኋላም ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ከሐበሻ ሱቅ መግዛት ስትችል አልገዛችም። ደግሞ ቡና የተራበች ሴት አይደለችም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሮጥ በትልቅ የወረቀት ኩባያ የተቀዳ ቡና ከመኪናዋ ጠፍቶ አያውቅም። ቤቷ በእንግድነት በቆየሁበት ጊዜ ይኼን ሁሉ ጣጣ ለምን እንደማትተወው ብጠይቃት «ያኛው እኮ መድኃኒት ነው፤ ቡና ይኼ ነው» አለችኝና መውቀጧን ቀጠለች።

የሁለቱም ፍሬ አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው የሚያነቃ ንጥረ ነገርም አንድ ነው። እንዲያውም በወረቀት ኩባያው ያለው መጠን ከትንሿ ሲኒ ይበልጣል። ልዩነቱ ከቡናው ውጭ ከሆነ፣ ደስታን በዕቃው ውስጥ የምንፈልግ ሰዎች የምንፈልግበትን ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ደስታ ቤቱ ሲሰናዳለት የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ቤቱን ከሚያሰናዱለት ነገሮች ዋነኞቹ ደግሞ መጠበቅና ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም ዘመናችን እንደ ጊዜ ብክነት ወደ መቁጠሩ አዘንብሏል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለውን አቋም በሰዋስው ውስጥ አስቀምጦታል። ሰው በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ገዛሁ፣ አሸነፍኩ ሲል አድራጊው ራሱ ነው። ደስታ ላይ ሲደርስ ግን «ደስ አለኝ» ይላል። በዚህ አነጋገር «ያለው» ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የተባለልኝ ብቻ ነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ የምንላቸው ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ ማንም ሰው ቆርጦ ተነሥቶ እንደማይናፍቅ ሁሉ ቆርጦ ተነሥቶም ደስ አይለውም። «ተደሰትኩ» የሚለውን ምን ልታደርገው ነው የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ቃሉ አለ፤ ነገር ግን ለመግለጫና ለንግግር መድረክ የሚስማማ ነው። ልጁ ማትሪክ ያለፈለት አባት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከአፉ የሚወጣው «ደስ አለኝ» ነው፤ «ተደሰትኩ» የሚለውን ለምርቃቱ ግብዣ ያቆየዋል። የቀሩት ቃላትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደብር አላቸው፦ ፍሥሐና ሐሴት ከቅዳሴው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ተድላ ያለ ግብር አዳራሽ አይሆንለትም፣ ፌሽታ ከተሜ ነው፣ እርካታ ደግሞ ከውኃ ጥም የመጣ በመሆኑ ያልጠማው ሰው አያገኘውም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሳይንስ ብዙ ደክሞ የለየውን አንድ ነገር የጓዳ አማርኛችን አስቀድሞ ለይቶት መገኘቱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 በካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተክለው፣ አይጧ አንዲት ዘንግ በተጫነች ቁጥር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ አንጎሏ እንዲደርስ አደረጉ። አይጦቹ ዘንጓን ደጋግመው መጫን ሥራቸው ሆነ፤ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጫኑ ነበሩ። የደስታ ምንጭ ተገኘ ተባለ። ቆይቶም ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል «የደስታ ኬሚካል» የሚል ስም ወጣለት፤ ይህ ስም ዛሬም ድረስ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲነገር ይሰማል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት በሪጅ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረጋቸው ሙከራዎች ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዶፓሚን ከአንጎላቸው እንዲጠፋ የተደረገባቸው አይጦች ምግብ አፍንጫቸው ሥር ተቀምጦላቸው እንኳ አይነኩትም፤ በሰው እጅ ካልተመገቡ በረሃብ ያልቃሉ። ሆኖም የስኳር ውኃ ምላሳቸው ላይ ጠብ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ በቦታው አለ፤ የጠፋው ፍለጋው ነው። ስለዚህ አንድን ነገር አጥብቆ መሻትና ነገሩ ሲገኝ መደሰት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እናቶቻችን ይህንን «አማረኝ» እና «ጣመኝ» ብለው ይለዩታል። ነፍሰ ጡር ሴት ያማራት ነገር መጥቶ አንዴ ቀምሳ ስትገፋው ማንም አይደነቅም፤ አምሮት ሌላ፣ ጣዕም ሌላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ይህ ልዩነት ከገባኝ ወዲህ የራሴን ማታ በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። ልተኛ ጋደም ብዬ ስልኬን አነሣለሁ፤ አንዱ አጭር ቪዲዮ ሲያልቅ አውራ ጣቴ ሌላውን ይስባል፤ ቀና ስል አርባ ደቂቃ አልፏል። በማግስቱ ካየኋቸው መካከል አንዱን ተናገር ብባል አልችልም። ዘንጓን ስጫን አመሸሁ እንጂ የጣመኝ ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚቀጥለው ያምረኛል፣ የያዝኩት ግን አይጥመኝም። የዘመኑ ገበያ ትልቁ ጥበብ ይኸው ይመስለኛል፤ አምሮትን በጅምላ ማምረት ተችሏል፣ ጣዕምን ማምረት ግን አልተቻለም፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ስም ይሸጥልናል።

አምሮትና ጣዕም የሚታረቁበት መንገድ ካለ በመጠበቅ በኩል ነው፤ ይህንንም ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት ያስተማረኝ የእናቴ ማጀት ነው። በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ከቀትር ጀምሮ ይቁላላል። እናቴ 55ቱን ቀን ጾማ እንኳን ሥጋ ወተት አልቀመሰችም፤ ወጡ ደግሞ ያለ ጨው ልክ አይሆንም። ስለዚህ የጨው ቀማሽነቱ ሥራ ገና ለጾም ላልደረሰ ልጅ ይሰጣል፤ በቤታችን ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ይህ ሹመት የእኔ ነበር። እናቴ በማማሰያው ጫፍ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኝና ፊቴን ታያለች። «አነሰው» እላለሁ፤ ትጨምራለች። «አሁንስ?» ትለኛለች። እሷ ራሷ ወጡን የምትለካው በሽታውና ቅቤው ከላይ በሚንሳፈፍበት ሁኔታ ነው፤ ምላሷን ሳታስነካ ቀኑን ሙሉ የሠራችው ወጥ እንደነበር ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትልልቆቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል። መጀመሪያ ለጦመው አንጀት ማለስለሻ ተልባ ይጠጣል፤ ከዚያ ቤተሰቡ መሶቡን ይከባል፤ አባቴ ባርኮ ይቆርሳል። እኔ ቅዳሜ ስድስት ጊዜ ያህል የቀመስኩት ወጥ ነው፤ ያው ነው፤ ጥሩ ወጥ ነው። የእናቴን ፊት ግን አልረሳውም። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና ማላመጧን ታዘገየዋለች፤ ቤቱ ሁሉ ለአንድ አፍታ ጸጥ ይላል። እኔ የማላየው ምን እያየች ነው ብዬ እቀና ነበር። ያንን ያየሁት ዓመታት ቆይቼ፣ 55ቱን ቀን ሳልሸራርፍ በጾምኩበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ወጡ አልተለወጠም፤ ጨውን የቀመሰው ታናሽ ወንድሜ ነበር።

የዚህ ተቃራኒም በዚያው በዓል ውስጥ አለ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በመጀመሪያው ሳምንት ሥጋው፣ ቅቤው፣ ዕንቁላሉ ይሻሟል። በሦስተኛው ሳምንት ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ «እስቲ ሽሮ ሥሩልን» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። ሥጋው ከሉካንዳ የሚመጣው ያው ሥጋ ነው፤ መጠበቁ ግን ቀርቷል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ይህን ነገር በየቀኑ ያዩታል፦ የአፍጥር ሰዓት የምትቀመሰው የመጀመሪያዋ ቴምር በሌላ ወር ከሳህን ሙሉ ቴምር ትበልጣለች። ጾም ለነፍስ ነው የሚሉኝ አባቶች እውነታቸውን ነው፤ ለምላስም ውለታ መዋሉን ግን አይክዱኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ ያሸነፉ 22 ሰዎችን ያነጋገረና በ1978 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። ባለዕድሎቹ ዕድሉ ካልደረሳቸው ሰዎች እጅግም የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም፤ እኔን የሳበኝ ግን የጥናቱ ሌላኛው ክፍል ነው። ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር መጫወት፣ ቀልድ መስማት የመሳሰሉት የዕለት ተዕለት ነገሮች ምን ያህል ደስ እንደሚሏቸው ሲጠየቁ፣ ሎተሪ ያሸነፉት ከሌሎቹ ያነሰ ደስታ ነው ያስመዘገቡት። የተጠያቂዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ብዙ ልንጭንበት አይገባም። ቢሆንም በዓለ ሃምሳን የሚያውቅ ሰው ውጤቱ የሚያስገርመው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልለየሁ ጽሑፌ ለክፉ ይውላል። መጠበቅ ደስታን ያጣፍጣል ማለት ማጣት ያጣፍጣል ማለት አይደለም። የሚጾም ሰው መሶቡ የት እንዳለ ያውቃል፤ ቀኑንም ይቆጥራል። የተራበ ሰው የሚቆጥረው ቀን የለውም። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ ሄዶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ወደ ሌላው ሻጭ ዞሮ፣ በመጨረሻ በባዶ እጁ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን አባት «ደስታ ከገንዘብ አይመጣም» ብሎ ማጽናናት ስድብ ነው። ይህችን አባባል ከጠገበ ሰው አፍ ስሰማ ሁልጊዜ ያመኛል። ገንዘብ የሚገዛው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም በፈቃድ የመጠበቅ መብት ነው። ያንን ያላገኘ ሰው በመጀመሪያ የሚገባው ዶሮው ነው፤ ምክሩ ይቆየው።

በሌላ ወገን ደግሞ ደስታን በጅምላ የሚያወግዙ መካሪዎች አሉን። እነዚህ ከመጽሐፈ መክብብ ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ንጉሡ ቤት ሠርቶ፣ ወይን ተክሎ፣ ዘፋኞች ሰብስቦ፣ በመጨረሻ ሁሉም ከንቱ መሆኑን የተናገረበትን ቦታ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ዝቅ ቢሉ ግን ሰው ከመብላት፣ ከመጠጣትና በድካሙ ደስ ከመሰኘት የሚሻለው ነገር እንደሌለ፣ ይህም ከእግዚአብሔር እጅ የተሰጠ መሆኑን ያገኙ ነበር። ከንቱ የተባለው የንጉሡ ዝርዝር ሁሉ «ለራሴ አደረግሁ» የሚል መሆኑም ልብ አይባልም።

ለራስ ብቻ የሚል ደስታ ወዴት እንደሚያደርስ ካነሣሁ አይቀር፣ በስሙ ብዙ የተወራበትን አንድ ሰው ላንሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቴና ውስጥ ትምህርት ቤቱን በአትክልት ቦታ የከፈተው ኤፒኩረስ የደስታ ፈላስፋ ነው። ጠላቶቹ ሆዳም አድርገው ሣሉት፤ ስሙ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እስከ ዛሬ የምግብና የመጠጥ አዋቂ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የሰውየው ገበታ ግን በአብዛኛው ዳቦና ውኃ ነበር። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሲያሻው የሚደግስበት አንድ ማሰሮ አይብ እንዲልክለት መለመኑ ተጽፎለታል፤ ድግሱ አይብ ነው። በዚያ አትክልት ስፍራ ሴቶችም ባሪያዎችም ከሌሎቹ ጋር ይቀመጡ ነበር፤ ይህ በዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ሮማዊው ሴኔካ ከእሱ ተቀብሎ እንዳስተላለፈው ደግሞ፣ ሰው ምን እንደሚበላ ከማሰቡ በፊት ከማን ጋር እንደሚበላ ማሰብ አለበት፤ ያለ ወዳጅ መብላት የአንበሳና የተኩላ ኑሮ ነውና። የእኛ አያቶች የአቴናን ስም ሳይሰሙ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው ጨርሰውታል።

ቡናችን ከዚህ ሕግ አይወጣም። ለራሱ ብቻ ጀበና የሚጥድ ሰው ብዙም አላየሁም፤ ከተጣደም በኋላ «እስቲ እነ እትዬን ቡና ጠጡ በሏቸው» ተብሎ ልጅ ይላካል። ሲኒው ላይ የሚደረገውን ነገር የምንጠራበት ቃል ደግሞ ጨዋታ ነው። ኳስ የሚመታው ልጅ ይጫወታል፣ ክራር የሚደረድረው ይጫወታል፣ ሁለት አሮጊቶች ቡና ይዘው ስለ ዝናቡ ሲያወሩም ይጫወታሉ። ጥሩ አነጋገር ያለውን ሰው «ለዛ አለው» እንላለን፤ ለዛ የምላስ ጣዕም ነው፣ ከወጥ ወደ ወሬ የተሻገረ። ወሬን ከጨዋታ፣ ጨዋታን ከጣዕም ያልለየ ቋንቋ ደስታን በሰው መካከል የሚያስቀምጠው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ግቢዎች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ብቻ መነጋገራችን የማይዋጥልኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አራት ቤተሰብ በተራ ቡና ያፈላበት የነበረ በረንዳ በፕላኑ ላይ የለም። በአንዳንድ ሕንፃዎች ሴቶቹ ራሳቸው መላ አበጅተው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከሰሉን ያቀጣጥላሉ፤ ወጪና ወራጁ ረከቦቱን እየዘለለ ይሄዳል፤ ጥቂቶች ያማርራሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ይሉና ሲኒ ይቀበላሉ።

ሰው መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ በልቡም መኖር አለበት። በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን ቀኑን በተለያየ ሰዓት በስልካቸው ላይ በተጫነ መተግበሪያ አማካይነት ምን እየሠሩ፣ ምን እያሰቡ፣ ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሰዎቹ ከተጠየቁባቸው ጊዜያት 47 በመቶ ገደማ በሚሆነው ሐሳባቸው ከያዙት ነገር ላይ አልነበረም፤ ሐሳባቸው በሌለበት ጊዜ ደግሞ የሚሰማቸው ደስታ ዝቅ ያለ ነበር። ቡናው ገና ሲቀዳ ስልኩን አውጥቶ ረከቦቱን፣ ቄጤማውንና ፈንዲሻውን የሚቀርጸው እንግዳ ትዝ ይለኛል። ቪዲዮው ያምራል። እሱ ግን ያለው ቪዲዮውን ከሚያዩት ጋር ነው፤ አቦሉ እጁ ላይ ቀዝቅዟል።

የቡናን ሥርዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ግራ ሳያጋባው አይቀርም። አቦል ወፍራም ነው፣ ቶና ይቀጥናል፣ በረካ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ውኃ የተጨመረበት ያው አንድ ዱቄት ነው። ለቡናው ብሎ የመጣ ሰው ከአቦል በኋላ ቢነሣ አይፈረድበትም ነበር። ሆኖም ከበረካ በፊት መነሣት በረከት ጥሎ መሄድ ይባላል፤ ስሙም ከዚያው ነው። ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ጨዋታው ይወፍራል፤ በአቦል ላይ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር የሚወጣው በበረካ ነው።

በዚያች የሲልቨር ስፕሪንግ እሑድ ስድስት ሰዎች ነበርን። ጢሱ ወጥቶ አልቋል፤ መስኮቱ ግን ተረስቶ ክፍት ነበርና ሁላችንም ጋቢ ደርበናል። ልጁ ፎጣውን ጥሎ ፈንዲሻ እያነሣ ነው። የአክስቴ ልጅ የማታ ፈረቃዋ ደርሶባት ቶናው ሲቀዳ ተነሣች፤ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የመታወቂያ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተመለሰችና የመኪና ቁልፏን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሰዓቱን አሳያት። «አይቼዋለሁ» አለችው። ጀበናውን አንሥታ ስትቀዳው ቡናው ሻይ መስሎ ነበር፤ ሁላችንም ሲኒያችንን አቀረብን።